ጉድጓዱን ቆፍራችሁ ቁጥሩን አትቅበሩት

የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን የከርሰ ምድር ውሃ ለምታስተዳድሩ፣ የጉድጓድ ፈቃድ ለምትሰጡና ጉድጓድ ለምታስቆፍሩ መሥሪያ ቤቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የጉድጓድ መረጃ ለኮምፒውተር ሞዴል ሥራ ክፍት እንዲሆን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ ነው። የተማርኩት ጂኦሎጂ ነው፤ እንጀራዬም የከርሰ ምድር ውሃን በኮምፒውተር ሞዴል ማጥናት ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ስለሆነ የፈረቃ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳኝ አልፈልግም። ዛሬ ግን ስለ ፈረቃ አላወራም። ስለ እሱ የሚያወራ ሞልቷል። እኔ የማወራው ከቧንቧው ጀርባ፣ ከፓምፑም ሥር ስላለው ነገር ነው።

ጥያቄዬን አላንዛዛውም። የምታስቆፍሩትን ጉድጓድ መረጃ ለሁሉም ክፍት አድርጉት። ጉድጓዱ ሥራ ከጀመረ በኋላም መለካታችሁን ቀጥሉ። ይኸው ነው። ለምን እንደምጠይቅ ግን ማስረዳት አለብኝ፤ "መረጃ ይከፈት" ሲባል ብዙ ጊዜ የተመራማሪ ቅብጠት ተደርጎ ይታያልና።

የከተማዋ ውሃ ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የምናስበው ግድብ ነው። ገፈርሳ፣ ለገዳዲ፣ ድሬ። ግድብ ይታያል። ሲሞላም ሲጎድልም ዜና ይሆናል። ከአቃቂ ሜዳ ሥር የሚሳበው ውሃ ግን አይታይም፤ ለከተማዋ የሚያዋጣው ድርሻ ትልቅ ሆኖ ሳለ ወሬውም ትንሽ ነው። በአያትና በፋንታ በኩል፣ በለገዳዲም እንዲሁ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ዛሬ 400 እና 500 ሜትር መውረድ ብርቅ አይደለም። የመቆፈሪያው ማሽን፣ ሪጉ፣ ይመጣል፣ ሰፈሩ በጩኸት ይናወጣል፣ ውሃው ሲፈነዳ እልል ይባላል፣ ሪጉ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ጉድጓድ የሚሰማው ፓምፑ ሲቃጠል ብቻ ነው።

አቃቂ ውሃ የበዛላት በአጋጣሚ አይደለም። ሰሜን ላይ እንጦጦ አለ፤ ምዕራብ ላይ ወጨጫ፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ ፉሪ፤ ምሥራቅ ላይ የረር። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አብዛኛው በክረምት ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙው በወንዝ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይሄዳል ወይም ይተናል። የተረፈው ይሰርጋል። የሰረገው ደግሞ በድንጋዩ ውስጥ ቁልቁል ወደ ደቡብ ይጓዛል። አቃቂ አካባቢ ሲደርስ የሚያገኘው ድንጋይ የተሰነጣጠቀ ባዛልትና ለግንባታ ሬድ አሽ እያልን የምንቆፍረው ቀዳዳ የበዛበት ቀይ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ውሃ ይይዛል፤ ያሳልፋልም። ላዩ ላይ ያለው መረሬ አፈር ደግሞ ክረምት ሲርስ ይደፈንና ውሃ እንደልቡ አያስገባም። ስለዚህ አቃቂ ላይ የምንስበው ውሃ የግድ አቃቂ ላይ የዘነበ አይደለም።

በነገራችን ላይ ይህች ከተማ ራሷ የተቆረቆረችው ከምድር በታች ባለ ሂደት ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፍልውሃ ባይኖር እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ምን ሊያወርዳቸው? ያ ሙቅ ውሃ ከጥልቅ ተነስቶ በመሬት ስንጥቅ በኩል ሽቅብ የወጣ ነው።

ብዙ ሰው ከእግሩ ሥር ሐይቅ ያለ ይመስለዋል። ሐይቅ የለም። ውሃው በድንጋይ ስንጥቅና ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ አንዱ ጋ ሲሳብ ሌላው ጋ ይወርዳል። የኮንዶሚኒየም ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ታች ያሉት ቧንቧቸውን ሲከፍቱ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ ውሃው ይቀጥንበታል። ጉድጓድና ጉድጓድም እንደዚያ ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲያልቅ ፓምፒንግ ቴስት ይደረጋል። ለቀናት ውሃ ይሳባል፣ ስንት ሜትር እንደወረደ ይለካል፣ በመጨረሻም "ይህ ጉድጓድ በሰከንድ ይህን ያህል ሊትር ይሰጣል" ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ነገር ግን የዚያ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ የዚያ ሳምንት ብቻ ነው። አጠገቡ ያለው ፋብሪካ፣ ማዶ ያለው ሪል እስቴት፣ ወደፊት የሚመጣው የታሸገ ውሃ ድርጅት በቁጥሩ ውስጥ የሉበትም። እያንዳንዱ ጉድጓድ ለብቻው ሲፈተን ያልፋል። አብረው ሲሠሩ ምን ይሆናሉ? ይህን መሬቱን ቆፍሮ ማየት አይቻልም። ማስላት ነው የሚቻለው።

ሞዴል የምንለው ይህን ስሌት ነው። መነሻው ያረጀ ነው። ሄንሪ ዳርሲ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ዲዦን ከተማን ውሃ ያጠጣ ሰው ነበር፤ የሥራ ባልደረባችሁ ማለት ነው። አሸዋ የሞላበት ቱቦ አቁሞ ውሃ አሳለፈበትና በ1856 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተመ። ያገኘው ነገር ቀላል ነው። በቱቦው ሁለት ጫፎች መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት ሲጨምር የሚያልፈው ውሃ በዚያው ልክ ይጨምራል። ቱቦው ሲረዝም ይቀንሳል። አሸዋው ሸካራ ሲሆን ይበዛል፤ ሲደቅ ያንሳል።

እኛ ዛሬ የምንሠራው ይህንኑ ሕግ ብዙ ሺህ ጊዜ መደጋገም ነው። ከእንጦጦ እስከ አባ ሳሙኤል ያለውን መሬት ኮምፒውተር ላይ በትናንሽ ሳጥኖች እንከፋፍላለን። ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም። ለእያንዳንዱ ሳጥን ድንጋዩ ውሃ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ እንሰጠዋለን። ከላይ የሚሰርገውን፣ ወንዙ የሚወስደውን፣ ፓምፑ የሚስበውን እናስገባለን። ከዚያ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ብቻ ያረጋግጣል፤ በየሳጥኑ የገባው፣ የወጣውና የተጠራቀመው መመዛዘኑን። ሒሳቡ ሲዘጋ የውሃው ከፍታ በየቦታው ይታወቃል። ከዚያ ወዲያ ለ10 ዓመትም ለ30 ዓመትም ወደፊት መንዳት ነው።

ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ በጣም የታወቀው ሶፍትዌር ሞድፍሎው ይባላል። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣዋል፤ በነፃ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ደህና ላፕቶፕ ይበቃዋል። የአቃቂን ተፋሰስ በዚህ መንገድ ያጠኑ የአገራችን ተመራማሪዎች ቀድሞም አሉ። ስለዚህ "አቅም የለንም" የምትለዋ ነገር እዚህ ጋ አትሠራም። ሶፍትዌሩ አለ፤ ሥራውን የሚሠሩ ልጆችም አሉ። የጠፋው በሳጥኖቹ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው።

ቁጥር ከሌለ ምን ይመጣል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሞዴል ስንሠራ ትክክል መሆኑን የምናመሳክረው አብዛኛውን ጊዜ በጉድጓድ ውስጥ ከተለካ የውሃ ከፍታ ጋር ነው። ካልገጠመ የድንጋዩን አሳላፊነት ከፍ ዝቅ እናደርጋለን፤ የሚሰርገውን የዝናብ መጠንም እንዲሁ። እስኪገጥም ድረስ። ሲገጥም ደስ ይላል። ደስታው ግን አታላይ ነው።

ፓምፕ የሚባል ነገር ገና ያልገባበትን መሬት አስቡ። አንድ ሞዴል ልሥራለት፤ ጥቂት ዝናብ ይሰርጋል፣ ድንጋዩም ውሃ ቀስ አድርጎ ነው የሚያሳልፈው። ሌላም ልሥራ፤ የሚሰርገውን እጥፍ አደርገዋለሁ፣ የድንጋዩንም አሳላፊነት እጥፍ። ሁለቱ ሞዴሎች የሚያሳዩት የውሃ ከፍታ አንድ ነው! ብዙ ገብቶ ፈጥኖ ቢያልፍ፣ ጥቂት ገብቶ ቀስ ብሎ ቢያልፍ፣ በጉድጓዱ ውስጥ የሚታየው ከፍታ ላይ ለውጥ የለውም። የለካችሁት ከፍታ ከሁለቱም ጋር ይገጥማል።

አሁን ሁለቱም ላይ እኩል የሚስቡ ፓምፖች ልግጠም። በመጀመሪያው ሞዴል ውሃው እየሸሸ ይሄዳል፤ ከዓመታት በኋላ ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል። በሁለተኛው የሚወርደው በግምት ግማሹን ነው። አንደኛው "በቃ፣ አትጨምሩ" ይላችኋል። ሁለተኛው "ገና አምስት ጉድጓድ ይችላል" ይላችኋል። ሁለቱም በጥሩ ወረቀት ታትመው፣ ተጠርዘው፣ ማኅተም ተደርጎባቸው ጠረጴዛችሁ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። የትኛውን ታምናላችሁ?

መለያው ሌላ ዓይነት ልኬት ነው። ከየጉድጓዱ በየወሩ ስንት ሜትር ኪዩብ ተሳበ? ያኔ ውሃው ስንት ሜትር ወረደ? ፓምፑ መብራት ጠፍቶበት ሲቆም የውሃው ከፍታ በስንት ሰዓት ተመለሰ? (መብራት መጥፋቱ ለእኛ ለሞዴል ሠሪዎች ነፃ ሙከራ ነው፤ የሚለካ ሰው ቢኖር።) በበጋ፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት ወቅት፣ ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ምን ያህል ውሃ ይዘው ይሄዳሉ? ያኔ ወንዙን የሚመግበው በዋናነት ከምድር የሚወጣው ውሃ ነውና። ትንሹ አቃቂ ላይ ፍሳሹ ስለሚበዛ ሒሳቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቢሆንም ይጠቅማል። እነዚህ ቁጥሮች ሲገቡ ከሁለቱ ሞዴሎች አንዱ ይወድቃል። ካልገቡ ሁለቱም እንደቆሙ ይቀራሉ፤ ምርጫው የሚሆነው ደግሞ ለአለቃ ደስ የሚለው ነው።

ለዚህ ነው ባለቀለም ካርታ የምጠራጠረው። የራሴንም ጭምር። ስብሰባ ላይ በፕሮጀክተር ሲታይ ሰማያዊው ሁሉ ውሃ፣ ቀዩ ሁሉ አደጋ ይመስላል፤ ሰዉም ያጨበጭባል። እባካችሁ ጭብጨባው ሳይጀመር አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ "ይህ ሰማያዊ ቦታ ላይ የተለካ ጉድጓድ አለ ወይስ ኮምፒውተሩ ሞልቶት ነው?" በሉ። መልሱ ብዙ ያሳያል።

አንድ የሚያስቀና ነገር ላንሳ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ይሰማን ነበር። ፎቅ ላይ ያለን ሰዎች በሌሊት ደረጃ ወርደናል። እዚያ ያሉት ደግሞ በአስር ሺዎች እየሆኑ ቀያቸውን ለቀው ወጥተዋል። በዚያ ጊዜ ከምድር በታች ምን እየሆነ እንደነበር እንዴት ታወቀ? ማንም ወርዶ አላየም። ሴንቲነል 1 የሚባሉ የአውሮፓ ሳተላይቶች ከላይ ሆነው በራዳር መሬቱን ያነሳሉ። ሁለት ምስል ሲነጻጸር መሬቱ በየት በኩል በስንት ሴንቲ ሜትር እንደተነሳ ወይም እንደሰመጠ ይወጣል። ከዚያ በሞዴል ወደ ኋላ ይሰላል፤ ላይኛው መሬት እንዲህ የሚንቀሳቀሰው ታች ምን ቢገባ ነው? መልሱ ማግማ፣ ማለትም የቀለጠ ድንጋይ፣ ሆነ፤ ድንጋዩን እየሰነጠቀ በቀጭኑ ወደ ጎን የሚሄድ ማግማ። አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ በ2005 እ.ኤ.አ. የሆነውም በዚሁ ዘዴ ነው የታወቀው። ያኔ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ በማግማ ተሞልቶ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፍቷል።

የሴንቲነል ምስል ለማንም ክፍት ነው። እዚህም ያለ ባለሙያ፣ እንግሊዝም ያለ፣ ጣሊያንም ያለ እኩል ያወርደዋል። አንዱ የሠራውን ሌላው ይፈትሸዋል። ሲሳሳቱ ይተራረማሉ። ስለዚህ ከመተሃራ አጠገብ፣ በብዙ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ማግማ ወዴት እንደሄደ እናውቃለን። ከመኝታ ቤታችን 100 ሜትር በታች ያለው ውሃ ግን ካለፈው ዓመት ወረደ ወይስ ወጣ ብትሉኝ መልስ የለኝም። የሚለካው ሰው ካለ ፋይሉን ቆልፎበታል።

አንድ ጊዜ የጥቂት ጉድጓዶች መረጃ ፈልጌ ከአንድ ቢሮ ሄድኩ። ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። አመጣሁ። የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። በመጨረሻ ወረቀት ተሰጠኝ፤ የጉድጓዶቹ ጥልቀት በደንብ ተጽፏል። የት እንዳሉ አልተጻፈም። ሠራተኛዋ ደግ ሰው ነበረች፤ ያላትን ነው የሰጠችኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

የምጠይቀው ነገር በገንዘብ ከባድ አይደለም። አዲስ ጉድጓድ ሲሠራ ከፓምፑ ቱቦ ጎን አንዲት ቀጭን የመለኪያ ቱቦ ይውረድ። ይህች ቱቦ ከሌለች መለኪያው ከፓምፑ ገመድ ጋር ይጠላለፋል፤ ስለዚህ ማንም አይለካም። ከጉድጓዱ ጠቅላላ ወጪ ጋር ሲተያይ ዋጋዋ ኢምንት ነው። የጉድጓዱ ትክክለኛ ቦታና ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ይመዝገብ። በየስንት ሜትሩ ምን ድንጋይ እንደወጣ የተጻፈው መዝገብ አብሮ ይቀመጥ። የውሃ ቆጣሪ ይገጠም፤ የግልም ይሁን የመንግሥት ጉድጓድ። ፈቃድ ሲታደስ የዓመቱ ንባብ ካልቀረበ አይታደስ።

ደረቅ የወጡትንም አትደብቁ። ውሃ ያልተገኘበት ጉድጓድ የሚያሳፍር ይመስላል፤ ሪፖርቱ ላይም በዝምታ ይታለፋል። ለሞዴል ግን ከወርቅ ይበልጣል። "እዚህ ጋ ድንጋዩ ዝግ ነው" ብሎ የሚነግረን እሱ ነው። ያን ባለማወቅ ሌላ ድርጅት ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚያው አጠገብ ሌላ ደረቅ ጉድጓድ ይቆፍራል።

ለአማካሪ ድርጅት ሞዴል ስታሠሩም ውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፤ ሪፖርቱ ብቻ ሳይሆን የሞዴሉ ፋይሎችም ይረከቡ። ተጠርዞ የቀረበ ሪፖርት ላይ አዲስ ጉድጓድ መጨመር አይቻልም። ፋይሉ ካለ ግን በሚቀጥለው ዓመት አዲሱን ቁጥር አስገብቶ እንደገና ማስኬድ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። አሁን የሚታየው በየፕሮጀክቱ ከዜሮ መጀመር ነው።

የምትሰጡኝን መልስ በከፊል እገምታለሁ። አንደኛው የደህንነት ጉዳይ ነው። የፓምፕ ጣቢያ ጥበቃ እንደሚያስፈልገው አልክድም። ነገር ግን የድንጋዩ ዓይነትና የውሃው ከፍታ ማንን ያስታጥቃል? ጉድጓዱ እንደሆነ አጥር ተሠርቶለት፣ ታፔላ ተተክሎለት መንገድ ዳር ነው ያለው። ሁለተኛው "መረጃው ጥራት የለውም፣ መጀመሪያ እናጥራው" የሚል ነው። ይህኛው ልብ ይነካል፤ ግን ሲጠራ ሳናየው እናረጃለን። እንዳለ አውጡት። ስሕተቱን የሚያገኘው የሚጠቀምበት ሰው ነው።

ሦስተኛው ከባድ ነው። ተፋሰሱ የአንድ አስተዳደር አይደለም። እንጦጦ ላይ የሰረገው ውሃ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ ገላን አጠገብ ይወጣል። ከለገጣፎም ከሰበታም በኩል የሚደረገው ቁፋሮ ከዚሁ ሒሳብ ውስጥ ነው። የከተማው መረጃ ለብቻው፣ የኦሮሚያና የሸገር ከተማ ለብቻው፣ የፌዴራሉም ለብቻው ከተቀመጠ ሞዴሉ ግማሽ አካሉ ይጎድለዋል። ማን ምን ያህል ይሳብ የሚለው የፖለቲካ ድርድር ነው፤ እሱን ለእናንተ እተወዋለሁ። ቁጥሩን አንድ ላይ ማስቀመጥ ግን ድርድሩ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። እንዲያውም ድርድሩ ያለ ቁጥር በምን ይካሄዳል?

ስለ ብክለት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከቆዳ ፋብሪካ፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድ፣ ሥሩ ሳይለበጥ ለአሥርተ ዓመታት ከተከመረው ከቆሼ ቆሻሻ የሚወርደው ነገርም በዚያው ድንጋይ ነው የሚጓዘው። ወዴትና በስንት ዓመት እንደሚደርስ የሚያሳየው ይኸው ሞዴል ነው። በጉድጓዶች ዙሪያ ምን መሠራት እንደሌለበት የሚከለለውም በዚህ ስሌት ነው። ፋብሪካው ከተተከለ በኋላ ማስላት ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

ከየት ይጀመር ካላችሁ ከአቃቂ ጉድጓዶች ጀምሩ። ሁለት ሰው፣ ጫፉ ውሃ ሲነካ የሚጮህ የመለኪያ ሜትርና አንድ መኪና ይበቃል። አንድ ዙር ሰኔ ከመግባቱ በፊት፣ አንድ ዙር መስከረም መጨረሻ ላይ ይለኩ። የተለካውን በሰንጠረዥ አድርጋችሁ ድረ ገጻችሁ ላይ አውጡት። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም፣ ሌሎች ባልደረቦቼም እንሠራዋለን። የሠራነውን ሞዴል ከነፋይሉ መልሰን እንሰጣችኋለን። ከተሳሳትን ቁጥሩ በእጃችሁ ነውና ታርሙናላችሁ።

የዘንድሮው ክረምት ከመግባቱ በፊት መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቱሉ ዲምቱ ነዋሪና የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለጉድጓድ ቆፋሪ ድርጅቶች
የራሳቸው ጉድጓድ ላላቸው ፋብሪካዎች፣ ሆቴሎችና ሪል እስቴቶች
ለአቃቂ ቃሊቲና ለገላን ነዋሪዎች